የሐይቁ ዳርቻ የማን አደራ ነው? በኦንታሪዮ ፕሌስ ጉዳይ የተካሄደ ውይይት

የመክፈቻ ጽሑፍ

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሶቹ ብዙ በመሆናቸውና አንዳንዶቹም እርስ በርስ የተጠላለፉ በመሆናቸው፣ በኋላ የሚመጣ አንባቢ እንዳይቸገር በተራ ቁጥራቸው መሠረት በራሴ አገላለጽ እተርካቸዋለሁ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩ በካናዳ፣ ከቶሮንቶ መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ፣ በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ስላለው ኦንታሪዮ ፕሌስ ነው። ቦታው በ1971 ለሕዝብ የተከፈተ ሲሆን፣ ደሴቶቹ ሐይቁ ውስጥ አፈር ተደልድሎ የተሠሩ ናቸው፤ ማዕበሉን እንዲሰብሩም ሦስት ያረጁ የጭነት መርከቦች ሆን ተብሎ እንዲሰጥሙ ተደርጓል። ከውኃው በላይ የተንጠለጠሉትን አዳራሾችና ክቡን ሲኒማ ቤት የነደፉት አርክቴክት ኤበርሃርድ ዛይድለር ሲሆኑ፣ ደሴቶቹን ከነዛፎቻቸው ያቀዱት የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያው ማይክል ሃፍ ነበሩ። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር መንግሥት በ2012 አብዛኛውን ክፍል ዘጋው። በ2017 በምሥራቁ ደሴት የመኪና ማቆሚያ የነበረው 7.5 ኤከር መሬት ትሪሊየም ፓርክ ሆኖ ተከፈተ። በ2021 ግን ምዕራቡ ደሴት ቴርሜ ለተባለ የስፓና የውኃ መዝናኛ ኩባንያ እንደሚሰጥ ተነገረ። የሊዝ ውሉ በ2022 ተፈረመ፤ ሕዝቡ ሊያነበው የቻለው ግን በኦክቶበር 2024 ነው። ዘመኑ 75 ዓመት ሆኖ ለተጨማሪ 20 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ይህም ማለት ዛሬ የተወለደ ልጅ ሽበት አውጥቶ፣ የልጅ ልጆቹን አይቶ እስኪያልፍ ድረስ ውሉ ሊጸና ይችላል ማለት ነው።

ስፓ ይሠራ ወይስ አይሠራ በሚለው ላይ ብቻ መከራከር አልፈለግሁም። የጠየቅሁት፣ መንግሥት የሕዝብን ዳርቻ ለ95 ዓመት ሲሰጥ እንደ ባለቤት ነው የሚሰጠው ወይስ እንደ አደራ ጠባቂ የሚል ነው። ባለቤት ከሆነ መሸጥ መለወጥ መብቱ ነው። አደራ ጠባቂ ከሆነ ግን፣ አደራው ሲጓደል ቀርቦ የሚጠይቀው ሰው መኖር አለበት። በዲሴምበር 2023 የወጣው ኦንታሪዮ ፕሌስን እንደገና የመገንባት ሕግ ፕሮጀክቱን ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና ከቅርስ ጥበቃ ሕግ ነጻ ከማድረጉም በላይ፣ ብዙ ዓይነት ክሶች እንዳይቀርቡ በር ዘግቷል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከስፓው ይልቅ ይህ የተዘጋ በር ነው።

መልስ 1

የመጀመሪያው መልስ በዚያ አካባቢ ከሚኖሩ አንዲት እህት የመጣ ሲሆን፣ አቀራረባቸው በጣም ጨዋ ነበር። በምዕራቡ ደሴት የነበረችውን ትንሽ የጠጠር ዳርቻ አነሱ። በክረምት ሳይቀር ማለዳ ተነሥተው የሚዋኙ ሰዎች እንደነበሩ፣ እርሳቸው ግን ለመዋኘት ባይደፍሩም ከሥራ በፊት ጠጠሩ ላይ ቁጭ ብለው ውኃው ድንጋዮቹን እየጎተተ ሲመለስ የሚሰማውን የሚንኳኳ ድምፅ ማዳመጥ ልማዳቸው እንደነበረ ጻፉ። ለዚህ ማንም አንድ ሳንቲም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ጨመሩ። በመጨረሻም ጥያቄዬን እንደሚደግፉት፣ መልሱን ግን እንደማያውቁት በቅንነት ተናገሩ።

መልስ 2

ሁለተኛው ጸሐፊ አክብሮት ባልተለየው አነጋገር ስሕተታችንን አረሙ። ኦንታሪዮ ፕሌስ ከመጀመሪያው ጀምሮ በነጻ የሚገባበት ቦታ እንደነበር አድርገን ማውራታችን ትክክል እንዳልሆነ፣ በደህናው ዘመኑ አጥር የነበረውና ለብዙ ዓመታት በትኬት የሚገባበት ቦታ እንደነበር አስታወሱን። ሰው እንደልቡ መመላለስ የጀመረው ከተዘጋ በኋላ፣ ይልቁንም ትሪሊየም ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ መሆኑንም አስረዱ። እርማታቸው ልክ ነው፤ እኔም ተቀብያለሁ። ሆኖም አንድ ልዩነት አለ። የያኔው የትኬት ገንዘብ የሚገባው ለሕዝብ ድርጅት ነበር፤ ዋጋውም በዛ የሚል ሰው ተመራጩን ጠርቶ መጠየቅ ይችል ነበር።

መልስ 3

ሦስተኛው ወንድም ያለ ምንም መግቢያ ፕሮጀክቱን ደግፎ ተነሣ። በሚለው መሠረት ቦታው ለዘጠኝ ዓመታት ተዘግቶ ቀለሙ ሲላላጥ፣ ድልድዮቹ ሲዝጉ፣ ዛሬ የሚያለቅስለት ሰው ሁሉ ዞር ብሎ አላየውም። ለአምስት ወር ያህል ብርድ በሚነግሥበት ከተማ ቤት ውስጥ የሚሞቅ የመዋኛ ስፍራ መኖሩ ጥቅም እንጂ ጉዳት እንደሌለው፣ ለግንባታውም ለአገልግሎቱም ሠራተኛ እንደሚቀጠር አስረዳ። ክፍለ ሀገሩ በነጻ የሚገባበት ወደ 50 ኤከር የሚጠጋ የሕዝብ ሥፍራ እንደሚኖር መግለጹንም በትክክል አስታወሰ። በመጨረሻም ተቃዋሚዎቹ በአብዛኛው መስኮታቸው ወደ ሐይቁ የሚያይ የኮንዶሚኒየም ባለቤቶች እንደሆኑ ገምቶ፣ ይህ የድሃ ጉዳይ እንዳልሆነ ደመደመ።

መልስ 4

ለዚህ ፈጥነው የመለሱት ሌሊት የሚሠሩ፣ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ሰው ነበሩ። የኮንዶሚኒየም መስኮት እንደሌላቸው፣ እንዲያውም አንዷ መስኮታቸው የምታየው የጎረቤት ግድግዳ እንደሆነ ገለጹና፣ ቦታውን የዘጋው ማን እንደሆነ መልሰው ጠየቁ። የዘጋውም፣ ሳያድስ የተወውም መንግሥት ራሱ ሆኖ ሳለ፣ በሬውን አስርቦ ማረስ አልቻለም ብሎ መሸጥ ምን ዓይነት ባለቤትነት እንደሆነ አልገባቸውም። ለሦስተኛው ጸሐፊም፣ እርሳቸው በሚያገኙት ደመወዝ አራት ሰው ያለበት ቤተሰብ ይዘው ስፓ የሚገቡት በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚሆን አስልቶ እንዲነግራቸው ጠየቁ። ክሩ መሞቅ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 5

አምስተኛው መልስ ረጅም ነበር፤ እኔም ደጋግሜ አነበብኩት። ጸሐፊዋ በሒሳብ ሥራ የኖሩ መሆናቸውን ገልጸው፣ የስሜት ክርክሩን ለሌሎች ትተው ወደ ቁጥር ገቡ። የኦንታሪዮ ዋና ኦዲተር ሼሊ ስፔንስ በዲሴምበር 2024 ባወጡት ሪፖርት፣ በ2019 ከ335 እስከ 424 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል የተባለው የመንግሥት ወጪ ወደ 2.2 ቢሊዮን ዶላር ከፍ ማለቱን አስታወሱ። ይህ ኩባንያው ከኪሱ የሚያወጣውን ሳይጨምር፣ ለመሬቱ ዝግጅት፣ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለሕዝብ ሥፍራውና ወደዚያ ለሚዛወረው የሳይንስ ማእከል ከሕዝብ ካዝና የሚወጣ ነው። ሪፖርቱ የአልሚዎቹ አመራረጥ ፍትሐዊም፣ ግልጽም፣ ተጠያቂነት ያለውም እንዳልነበረ፣ ተወዳዳሪዎቹም በእኩል ዓይን እንዳልታዩ ማረጋገጡን ጨመሩ።

ቀጥለውም በሌላው ሚዛን ላይ ያለውን አስቀመጡ። ክፍለ ሀገሩ እንደሚለው ኩባንያው በውሉ ዘመን ወደ 1.1 ቢሊዮን ኪራይና ወደ 855 ሚሊዮን ዶላር የጥገና ክፍያ ይከፍላል፤ ሁለቱ ተደምረው 2 ቢሊዮን ሊሞሉ ትንሽ የሚጎድላቸው ናቸው። ጸሐፊዋ ይህን ለ95 ሲያካፍሉት በዓመት 20 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሆነ። ከዚያም ማንም ያላነሣውን ነጥብ አነሡ፦ የሚወጣው ገንዘብ ዛሬ የሚወጣ ሲሆን የሚገባው ግን ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ተንጠባጥቦ የሚገባ ነው፤ ከ80 ዓመት በኋላ የሚመጣ አንድ ዶላር ደግሞ ዛሬ ካለው አንድ ዶላር ጋር አይመዘንም። በተጨማሪም በሊዝ ውሉ መሠረት መንግሥት ለኩባንያው ደንበኞች ወደ 1,600 የመኪና ማቆሚያ ቦታ የማዘጋጀት ግዴታ ስላለበት፣ የመኪና ማቆሚያው የሕዝብ አገልግሎት ተብሎ ብቻ ሊቆጠር እንደማይገባ አስገነዘቡ። የእርሳቸው ጽሑፍ በዚህ ክር ውስጥ በጣም ከጠቀሙኝ አንዱ ነው።

መልስ 6

ስድስተኛው አጭር ነበር። ስለ 95 ዓመቱ ኪራይ፣ ላም አለኝ በሰማይ የሚለውን ተረት ጠቅሰው አለፉ።

መልስ 7

ሰባተኛው ጸሐፊ ሕግ የተማሩ ሲሆኑ፣ የመክፈቻ ጥያቄዬን በቀጥታ የያዙት እርሳቸው ናቸው። አደራ የሚለው ቃል በአማርኛ ብቻ የሚኖር የሥነ ምግባር ቃል እንዳልሆነ፣ በሕግም ከነክብደቱ እንደሚገኝ አስረዱ። ምሳሌያቸው ከሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ከቺካጎ ነበር። የኢሊኖይ ምክር ቤት በ1869 ከ1,000 ኤከር በላይ የሐይቅ ወለል ለአንድ የባቡር ኩባንያ ሰጠ፤ በ1873 ሐሳቡን ለውጦ ስጦታውን ሻረው። ክርክሩ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ደረሰና፣ ፍርድ ቤቱ በ1892 መንግሥት ይህን ውኃና ወለሉን ለሕዝቡ በአደራ እንደያዘው፣ አደራውንም እንደ ተራ ንብረት አሳልፎ ሊሰጥ እንደማይችል ወሰነ።

ከዚህም ሌላ በ1836 የተነሣው የከተማዋ ካርታ የዳርቻው መሬት ለዘለዓለም ክፍትና ከሕንፃ ነጻ ሆኖ እንዲቆይ የሚል ጽሑፍ እንደነበረበት፣ ነጋዴው ሞንትጎመሪ ዋርድም ያን ጽሑፍ ይዘው ለሃያ ዓመታት ያህል በፍርድ ቤት እንደተሟገቱ አወሱ። በቅርብ ዘመንም የፊልም ሠሪው ባለሀብት የጆርጅ ሉካስ ሙዚየም በዚያው ዳርቻ ሊሠራ ታስቦ፣ የፓርኮቹ ወዳጆች ማኅበር በዚሁ የአደራ መርህ ከስሶ ስለተሟገተ ባለሀብቱ በ2016 ዕቅዳቸውን ትተው ወደ ሎስ አንጀለስ መሄዳቸውን ጠቀሱ።

ግን ተስፋ ሰጥተውን ዝም አላሉም። የካናዳ ፍርድ ቤቶች ይህን መርህ እንደ አሜሪካዎቹ አስፍተው እንዳልተቀበሉት፣ የ2023ቱም ሕግ የአደራ መጓደልን መሠረት ያደረገ ክስ ሳይቀር ስሙን ጠርቶ እንደሚዘጋ አስረዱ። አደራ የሚባል ነገር ከሌለ ስለ አደራ የሚነሣ ክስ መዝጋት ለምን አስፈለገ? ይህን ጥያቄያቸውን ካነበብኩ በኋላ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ።

መልስ 8

ስምንተኛው ሰው ለሰባተኛው ምስጋና ካቀረቡ በኋላ፣ ቺካጎን የገነት ያህል ማሳየቱ እንደማይገባ ተናገሩ። በዚያው ሐይቅ ዳር ማኮርሚክ ፕሌስ የተባለው ግዙፍ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ተገትሮ እንደሚገኝ፣ የሶልጀር ፊልድ ስታዲየም እድሳትም በዚሁ የአደራ መርህ ተከሶ በ2003 በኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደተፈቀደ አስታወሱ። ስለዚህ መርሁ ብቻውን ዳርቻ አይጠብቅም፤ መርሁን ይዞ የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ሰባተኛው ጸሐፊ ተመልሰው መጥተው እርማቱን ሙሉ በሙሉ ተቀበሉ። ሁለቱ ሰዎች እንዲህ ተከባብረው ሲተራረሙ ማየቴ ክሩን በመክፈቴ ደስ እንዲለኝ አድርጓል።

መልስ 9

ከዚያ ወሬው ትንሽ ዘወር አለ። አንድ አባት በ1980ዎቹ በስደት ቶሮንቶ በገቡበት የመጀመሪያ ዓመት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ወደዚያ ክብ ሲኒማ ቤት እንደወሰዷቸው ጻፉ። ሲኒማ ቤቱ በዓለም የመጀመሪያው ቋሚ የአይማክስ አዳራሽ ነው። መጋረጃው የሰው ቁመት ስንት እጥፍ እንደሆነ ቆጥረው መጨረስ አቅቷቸው ነበር፤ በፊልሙ ላይ አውሮፕላኑ ሲያዘቀዝቅም የወንበሩን እጀታ አንቀው ይዘው እንደነበር አጫወቱን። እንግሊዝኛው ባይገባቸውም፣ ያን ቀን በዚህ አገር እንግድነታቸውን ለሁለት ሰዓት ያህል እንደረሱት ተናገሩ።

መልስ 10

አሥረኛዋ እናት ደግሞ ቁጣቸውን አልሸሸጉም። ለእርሳቸው ዋናው ነገር ሐይቁ ሳይሆን በ1969 የተከፈተው፣ ሬይመንድ ሞሪያማ የነደፉት የኦንታሪዮ ሳይንስ ማእከል ነው። በፍሌሚንግደን ፓርክ የሚኖሩ ሲሆን፣ ልጆቻቸው ከቤት ወጥተው በእግር የሚደርሱበት የትምህርት ቦታ እርሱ ብቻ ነበር። በጁን 2024 የጣሪያው ሰሌዳዎች አደገኛ ናቸው ተብሎ በአንድ ቀን ተዘጋ፤ ጣሪያው ሊጠገን ይችል እንደነበር የሚከራከሩ ባለሙያዎች መኖራቸውን ጠቅሰው፣ የስደተኛ ልጆች ከሞሉበት ሰፈር ተነቅሎ ስፓ አጠገብ መተከሉ አጥንታቸው ድረስ እንደተሰማቸው ጻፉ። ልጃቸው በሩ ላይ የተሰቀለውን ማስታወቂያ አንብቦ፣ እኛ ምን አጠፋን ብሎ እንደጠየቃቸው ሲያወሱ እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መልስ 11

አንድ ተሳታፊ የሳይንስ ማእከሉ ጉዳይ ከርእሱ ውጪ ስለሆነ በሌላ ክር እንዲነሣ ጠየቁ። እኔ ግን አልተስማማሁም፤ ምክንያቴንም ጻፍኩ። ማእከሉ ወደ ዳርቻው መዛወሩ የፕሮጀክቱ አካል ስለሆነ፣ የወጪውም ከፍተኛ ድርሻ በእርሱ ስለሚመጣ፣ ሁለቱን መለያየት አይቻልም። አንድ ሰፈር ያለውን አጥቶ ሌላ ዳርቻ ሲለማ፣ የተነጠቀውም ሰፈር የውይይቱ ባለቤት ነው።

መልስ 12

አሥራ ሁለተኛው መልስ ክሩን አሻከረው። ጸሐፊው ውሉ ከተፈረመ፣ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ መንጫጫታችን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው መሆኑን ተናገረ። ይህ የነጮች ጠብ ነው፤ እኛ የቤት ኪራይና የልጅ ማሳደጊያ አንገብጋቢ ሆኖብን ሳለ ስለ ደሴትና ስለ አርክቴክት ማውራታችን ሥራ ፈትነት ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። የአምስተኛዋን ጸሐፊ ቁጥሮች የቢሮ ጨዋታ፣ የሰባተኛውንም ሐተታ እውቀትን ማሳያ አድርጎ አቃለላቸው። አንዳንዶች መልሱ እንዲጠፋ ጠየቁኝ፤ እኔ ግን ብዙ ሰው በልቡ የያዘውን ነገር ስለተናገረ ተውኩት።

መልስ 13

መልስ የሰጡት ዘጠነኛው አባት ናቸው። ልጄ ብለው ጀመሩና አልተቆጡትም። በዚህ ከተማ ግቢ ያለው ሰው ልጁን በግቢው ያጫውታል፤ የበጋ ቤት ያለው ወደ በጋ ቤቱ ይሄዳል። በአፓርትመንት አሥራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቶ የሚኖር ሰው ግን ግቢው ፓርክ ነው፤ ሐይቁም የበጋ ቤቱ ነው። ስለዚህ ፓርክ የሀብታም ጉዳይ ነው የሚለው ነገር ተገልብጦ መነበብ እንዳለበት አስረዱት። እርሳቸው ሦስት ልጆች ያሳደጉት በሐይቁ ዳር ምንጣፍ አንጥፈው፣ ከቤት የያዙትን ምሳ እየበሉ መሆኑን፣ አንድም ቀን ገንዘብ ስለሌላቸው ከዚያ እንዳልተመለሱ ነገሩት። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ የሚለውንም አባባል አስታውሰው፣ መሬቱን ለማልማት ሥልጣን የተሰጠው ሰው ሁሉ ይህን ማሰብ እንዳለበት ተናገሩ። አሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ አልመለሰም፤ ነገር ግን ከክሩ አልወጣም።

መልስ 14

አሥራ አራተኛው ሰው ከኒው ዮርክ ሌላ ዓይነት ምሳሌ አመጡ። በኢስት ሪቨር ዳር 85 ኤከር ላይ ያረፈው ብሩክሊን ብሪጅ ፓርክ የአስተዳደርና የጥገና ወጪውን በአብዛኛው የሚሸፍነው በፓርኩ ክልል ከተሠሩ መኖሪያዎችና ንግዶች በሚገኝ ገቢ መሆኑን፣ ግንባታው የሚይዘው መሬት ግን ከ10 በመቶ ያነሰ እንዲሆን መወሰኑን ገለጹ። ስለዚህ የግል ገንዘብ ወደ ሕዝብ ዳርቻ ሲገባ ሁልጊዜ ነጠቃ ነው ማለት እንደማይቻል፣ ልዩነቱ ያለው ከሁለቱ የትኛው ለየትኛው እንደሚያገለግል ላይ መሆኑን አስረዱ። በፒየር 6 በኩል የታቀዱትን ሕንፃዎች የአካባቢው ሰዎች ፍርድ ቤት ድረስ ወስደው መከራከራቸውንም አልደበቁም።

ይህ መልስ ሐሳቤን አጠራልኝ። ነዋሪዎቹ ቢያሸንፉም ባያሸንፉም፣ ዳኛ ፊት ቆመው ለምን ብለው መጠየቅ ችለው ነበር። በኦንታሪዮ የተወሰደው እሱ ነው።

መልስ 15

ስለ ከተማው አስተዳደር ድርሻ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። በኖቬምበር 2023 ክፍለ ሀገሩና ከተማዋ በደረሱበት ስምምነት፣ ክፍለ ሀገሩ የጋርዲነርንና የዶን ቫሊን ፈጣን መንገዶች ወጪ ሲረከብ፣ ከተማዋም በኦንታሪዮ ፕሌስ ላይ የነበራትን ተቃውሞ ትታ ሥልጣኑ የክፍለ ሀገሩ መሆኑን ተቀበለች። ጸሐፊው ከንቲባ ኦሊቪያ ቻውን አጥብቀው ወቀሱ፤ ከጽሑፋቸው ሥር ሌላ ሰው ገብቶ ደግሞ ከተማዋ ብትከራከርም ክፍለ ሀገሩ በሕግ መሬቱን መውሰድ ስለሚችል፣ የማይቀርን ነገር በቢሊዮን የሚቆጠር ሸክም ማራገፊያ ማድረጋቸው ብልህነት ነው በማለት ተከላከለላቸው። ሁለቱ ለአምስት ዙር ያህል ተመላለሱ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ስድብ ስለነበሩ እዚህ አልተርካቸውም።

መልስ 16

አሥራ ስድስተኛው መልስ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ጸሐፊዋ፣ ስለ አደራ ስናወራ የመጀመሪያዎቹን ባለ አደራዎች አለማንሣታችን እንዳሳዘናቸው ጻፉ። ይህ ዳርቻ የክሬዲት ወንዝ ሚሲሳጋ ሕዝብ ምድር ሲሆን፣ የቶሮንቶ ግዢ ተብሎ በ1787 ተጀምሮ በ1805 የጸደቀው ውል በትክክል አልተፈጸመም የሚለው አቤቱታ እልባት ያገኘው በ2010፣ በ145 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ነው። አንድ የመሬት ውል ስሕተት ሆኖ እንዲታረም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንደፈጀ ያየ ሕዝብ፣ የ95 ዓመት ውል በችኮላ ሲፈርም ቆም ማለት ነበረበት የሚለው ነጥባቸው ከባድ ነው። በትሪሊየም ፓርክ ድንጋይ ላይ የዚያ ሕዝብ የቆዳ ጫማ ምስል ተቀርጾ እንደሚገኝ፣ ብዙ ሰው ግን ሳያየው እንደሚያልፍም ነገሩን።

መልስ 17

ስለ ዛፎቹ የጻፉት አራተኛው ጸሐፊ ናቸው፤ ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ ሐይቅ ዳሩን ይዘው በብስክሌት ስለሚሄዱ። በኦክቶበር 2024 መጀመሪያ በምዕራቡ ደሴት ከ800 በላይ ዛፎች ሲቆረጡ በአጥሩ ማዶ በአጋጣሚ ደረሱ። ገና አልነጋም ነበር፤ የማሽኑ መብራት ከሰል የመሰለውን ውኃ እየቆረጠ ያልፋል። ከሁሉ በላይ የያዛቸው ሽታው ነበር፦ እርጥብ እንጨት፣ ልክ አዲስ ደጅ ሲጠረብ እንደሚሸተው። ሲነጋ አንድ አኻያ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ ሆኖ በጎኑ ተጋድሞ አዩ፤ ሁለት ዳክዬዎች ጥላው የነበረበት ውኃ ላይ ይዞሩ ነበር። በምትካቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ችግኞች እንደሚተከሉ ቃል መገባቱን እንደሚያውቁ፣ ነገር ግን እርሳቸው ስልሳ ዓመታቸው በመሆኑ ከችግኞቹ ጥላ ሥር እንደማይቀመጡ ጽፈው ጨረሱ።

መልስ 18

ከዚህ በኋላ ሦስተኛው ወንድም ተመለሰ። ስለ ኮንዶሚኒየም ባለቤቶች የተናገረውን አንሥቶ አራተኛውን ጸሐፊ ይቅርታ ጠየቀ። ፕሮጀክቱን ግን አሁንም ይደግፋል፤ የተዘጋና የዛገ ቦታ ከሚቀር የሚሠራ ነገር መኖሩን ይመርጣል። የአምስተኛዋ ሒሳብ እንዳሳሰበው፣ የክስ መከልከያውን አንቀጽ ግን ከዚህ ክር በፊት ሰምቶት እንደማያውቅ አልሸሸገም። እንዲህ ያለ አንቀጽ በእርግጥ ካለ በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ፣ ካየው በኋላም ምን እንደሚል ቃል እንደማይገባ ተናገረ። ይህን ሐቀኝነቱን እጅግ አከበርኩለት።

መልስ 19

የመጀመሪያዋ እህት ስለተቀረጸው የጫማ ምስል ጠየቁ፤ በዚያ ሲያልፉ ዓመታት ቢቆጠሩም አይተውት አያውቁም ነበር። ዘጠነኛው አባት በመግቢያው በኩል ያለውን የድንጋይ ግድግዳ በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲሄዱ ነገሯቸውና፣ ቅዳሜ ጠዋት የልጅ ልጃቸውን ይዘው እዚያ እንደሚገኙ፣ መምጣት ለሚፈልግም ቡና በፔርሙዝ እንደሚይዙ ጻፉ።

መልስ 20

አሥራ ሁለተኛው ጸሐፊ ከስንት ቀን ዝምታ በኋላ አንዲት መስመር ጻፈ፤ ቅዳሜ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ። ሦስተኛውም እንደሚመጣ አስታወቀ። እኔም ለሁለቱ ሕጉን በወረቀት አትሜ እንደማመጣ፣ የክሱን አንቀጽም በቢጫ ቀለም እንዳሰመርኩበት፣ ሰዓቱም አራት ሰዓት እንደሆነ መለስኩላቸው።